እኔ ጋ የቀረው እጅጌ

መጀመሪያ ይሄንን እወቁልኝ፣ እኔ እልፍነሽ እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ከጎን ተነሥቼ የምሄድ ሴት ነበርኩ፣ የሞተ ሰው ታየኝ፣ ጥላው ከበደኝ፣ በስሜ ሲጠራኝ ሰማሁ የሚሉ ሰዎችን ስሰማ ሳቅ ሳይሆን ንዴት ነው የሚይዘኝ፣ ምክንያቱም በእኛ ጊዜ፣ በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ የሚያስፈራን ነገር በጠራራ ፀሐይ ጠመንጃ አንግቶ በር የሚያንኳኳ ነበርና፣ ሌላ ፍርሃት ፍለጋ መዞር ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። ያደግኩት ኮልፌ ነው፣ ከሥራ ስመለስ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ከአውቶቡስ እወርድና፣ ሌላው ሰው እዚያ ያለውን መቃብር ፈርቶ በዋናው መንገድ ሲዞር እኔ በመቃብሩ ጥግ አቋርጬ ነበር ቤቴ የምገባው፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ ያየኝ ሙት የለም።

ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ስትሰሙ አሮጊቷ ጃጀች እንዳትሉ፣ ነገሩ ሲሆን ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላኝም፣ ልቤም እጄም ደህና ነበሩ፣ ውድቅት ሌሊትም አልነበረም፣ ሰው ገና ከሥራ እየገባ ነው፣ ቦታውም መብራቱ ቦግ ያለ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ደግሞ ሳወራው እናደዳለሁ፣ እሱን ታገሡኝ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስመታ እውላለሁ፣ ማታ ማታና እሑድ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ የግድግዳ ምንጣፍ እሠራ ነበር፣ ለሽያጭ አይደለም፣ ለራሴ ደስታ ነው። ሸማኔ እንዳትሉኝ፣ መወርወሪያም ጉድጓድም የለኝም፣ አንድ አሮጌ የአልጋ ፍሬም ነው ያለኝ፣ ከላይና ከታች ምስማር ደርድሬበት፣ ድሩን ከምስማር ምስማር ወጥሬ፣ ማጉን በወፍራም መርፌ በድሩ ሥርና ላይ እያሳለፍኩ፣ በሹካ ወደ ታች እየደቃሁ አጠብቀዋለሁ፣ በቃ ይኸው ነው። ክሩን የማገኘው ከሰልባጅ ሹራብ ነው፣ ገዝቼ እተረትረዋለሁ። የተተረተረ ሹራብ ክር ደግሞ አመለኛ ነው፣ ሹራብ ሆኖ የኖረበትን ቅርጽ ቶሎ አይረሳም፣ እንደተጨማደደ ይቀራል፣ ስለዚህ አጥቤ ከሥሩ ድንጋይ አስርበትና ሽቦ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ሲደርቅ ቀጥ ይላል።

የሹካዬ ጠቅ ጠቅ ከግድግዳው ማዶ እማማ አስካለ ቤት ይሰማል። እማማ አስካለ የግድግዳ ጎረቤቴ ናቸው፣ ባላቸው ቀድመው ሞተውባቸው አንድ ልጅ ብቻ ይዘው የቀሩ ሴት፣ ሹካዬ ሲበዛባቸው ግድግዳውን መታ መታ አድርገው "አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ምን በድሎሽ ነው የምትደበድቢው?" ይሉኛል፣ እኔም "አርፎ እንዲቀመጥ ነው እማማ" እላቸዋለሁ። ልጃቸው ሰሎሞን ይባላል፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ረጅም፣ ወሬኛ፣ "እትዬ እልፌ" እያለ ይገባና ክሩን በሁለት እጆቹ ዘርግቶ ይይዝልኛል፣ እኔ እጠቀልላለሁ፣ እሱ ያወራል። የሚለብሰው ሁልጊዜ ያንኑ አረንጓዴ ሹራብ ነው፣ እናቱ በእጃቸው የሠሩለት፣ ገና ያድጋል ብለው እጅጌውን አስረዝመውት ጣቶቹ ድረስ የሚደርስ። ብርዳም ልጅ ነበር፣ በክረምትም በበጋም አያወልቀውም።

ያንኑ ሹራብ እንደለበሰ ወሰዱት። ለምን እንደወሰዱት አልነግራችሁም፣ ስለማላውቅ ነው፣ የወሰዱትም የሚያውቁ አይመስለኝም። እማማ አስካለ ስንቅ ቋጥረው እስር ቤቱ ደጅ መመላለስ ጀመሩ፣ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስላቸው ልጄ በላ ብለው ፊታቸው ይፈታል፣ አንድ ቀን ግን በሩ ላይ የቆመው ወታደር "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አለና ሹራቡን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጣቸው፣ ታጥቦ፣ ተጣጥፎ። በዚያ ጊዜ አዲስ አበባ የነበረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ልጅሽ የለም ማለት ነው፣ ሬሳም አትጠይቂ፣ መቃብርም አትፈልጊ ማለት ነው። ማን እንዳጠበው እስከ ዛሬ አስባለሁ፣ ምን ነክቶት እንዳጠቡትም።

በማግስቱ የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጣ። ስሙን አልጠራውም፣ ልጆቹ አሁንም ሰፈር ውስጥ አሉ፣ እነሱ ምን አደረጉኝ። በሩ ላይ ቆሞ "እዚህ ቤት ልቅሶ መቀመጥ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም፣ ለፀረ አብዮት አይለቀስም" ብሎ ሄደ። እስቲ አስቡት፣ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የተጣላው እንኳ መጥቶ ደረቱን ይደቃል፣ እናት ለልጇ እንዳታለቅስ ማዘዝ የየት አገር ወግ ነው? እማማ አስካለ ግን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። አንድ ነገር ብቻ ለወጡ፣ ማታ ማታ በራቸውን መቀርቀር ተው።

"እማማ፣ ሌባ ይገባብዎታል እኮ" አልኳቸው።

"ይግባ። እሱ ሲመጣ በር ላይ እንዳይቆም ነው፣ ብርድ አይችልም።"



አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሹራቡን በነጠላቸው ሥር ይዘው መጡ፣ ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

"እልፌ፣ ይሄንን ተርትሪልኝ።"

"ምነው እማማ? የእጅዎ ሥራ እኮ ነው።"

"ባዶነቱ ገደለኝ። እንዲህ ዘርግቼ ሳየው ውስጡ ሰው የለም። ደግሞ ለፍተሻ የመጡ ቀን ይወስዱብኛል፣ ሰፈሩ ሁሉ ሹራቡን ያውቀዋል። እነሱ እንዳያውቁት አድርገሽ ግድግዳዬ ላይ ስቀይልኝ፣ እኔ አውቀዋለሁ።"

ተረተርኩት፣ በሐዘን ሳይሆን በንዴት ነው፣ ሰው እንዴት ልጁን ሊያይ ደብቁልኝ ብሎ ይለምናል እያልኩ። አጠብኩት፣ ድንጋይ አሰርኩበት፣ ሲደርቅ ቀጥ አለ፣ ጠዋት ስነሣ ግን እንደገና ተጨማድዶ አገኘሁት። ትልቅ ድንጋይ አሰርኩ፣ ያው ነው። እመኑኝ፣ እንዲህ ያለ ክር በእጄ ገብቶ አያውቅም፣ ግን ምን ላድርግ፣ እንደተጨማደደ ሠራሁት። ምን ልሥራበት ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ወጨጫ ተራራ ነው፣ ከግቢያችን ቆመን የምናየው፣ ሰሎሞን በልጅነቱ አንድ ቀን ጫፉ ላይ እወጣለሁ እያለ የሚፎክርበት፣ ሰማዩን በነጭና በግራጫ፣ ከሥሩ ማሳውን በቢጫ፣ ተራራውን በሰሎሞን አረንጓዴ አደረግኩት። ሥራው ሲያልቅ ከግራ እጅጌው የወጣው ክር ተረፈኝ። ክር አይጣልም፣ ጠቀለልኩና ቅርጫቴ ውስጥ ከሌሎቹ ክሮች ሁሉ ሥር አስቀመጥኩት፣ ለማንም አልነገርኩም፣ የሚነገር ነገርም አልመሰለኝ፣ ግን ይሄንን ልብ በሉልኝ።

ምንጣፉ እማማ አስካለ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የሰፈሩ ሴቶች አንድ በአንድ "የእልፌን ምንጣፍ ልናይ ነው" እያሉ መምጣት ጀመሩ፣ ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ አንዷ ንፍሮ በሳህን ከድና፣ አንዷ ዳቦ በነጠላዋ ሸፍና፣ ይገቡና ተራራውን ፊት ለፊት አድርገው ይቀመጣሉ፣ "ሲያምር" ይላሉ፣ እንባቸው እየወረደ "እንዴት ያምራል ጃል" ይላሉ፣ የማንንም ስም አይጠሩም። እማማ አስካለም "አዎ፣ ቆንጆ ነበር" ይላሉ። ልቅሶ ነው እንግዲህ፣ የተከለከለውን ልቅሶ ምንጣፍ እያየን ተቀመጥነው።

ሰው ሲበዛ ጊዜ ሊቀመንበሩ ነቃ። አንድ ቀን ሳያንኳኳ ገባ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

"እዚህ ቤት የምን ስብሰባ ነው?"

"ስብሰባ አይደለም፣ ምንጣፍ ልናይ ነው" አለች አንዷ።

ቀና ብሎ አየው፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆየ፣ አወቀው አልኩ በልቤ። ከዚያ ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ፣ አረንጓዴ ተራራ፣ ከሥሩ የደረሰ ማሳ፣ ሰውዬው የምርት ዘመቻ መስሎት እርፍ።

"ይሄ እኮ የምርት ዘመቻው ነው" አለ። "እንዲህ ያለ ሥራ እዚህ ጭቃ ቤት ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል? ለአብዮቱ በዓል አዳራሹ ውስጥ ነው የሚሰቀለው።"

"የእሳቸው ነው" አልኩ ተነሥቼ።

"የሰፊው ሕዝብ ነው ጓዲት። ለእሳቸው ሌላ ትሠሪላቸዋለሽ።"

በገዛ እጁ ከምስማሩ አወረደው፣ ጠቀለለው፣ ብብቱ ሥር አድርጎ ወጣ። አሁንም ሳስበው ጥርሴን እነክሳለሁ። የእማማን ልጅ ወሰዱ፣ ልቅሷቸውን ወሰዱ፣ ያ አልበቃቸው ብሎ ልጃቸውን አዳራሽ ሰቅለው ሊያጨበጭቡለት ነው፣ ያውም ሳያውቁት። እማማ አስካለ ምንጣፉ የነበረበትን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳበሱ "ይበርደዋል" አሉ። "አዳራሹ ሲሚንቶ ነው እልፌ፣ ይበርደዋል።"

"አመጣልዎታለሁ" አልኳቸው። እንዴት እንደማመጣው አላውቅም፣ ግን ቃሌን ሰጠሁ።

ጳጉሜ ላይ ነው፣ በዓሉ ሊደርስ ሲል፣ ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ጋሽ ደምሴ በሬን አንኳኩ። ጋሽ ደምሴ የአብዮት ጥበቃ ናቸው፣ ሽማግሌ፣ ጠመንጃው የሚከብዳቸው፣ ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ከክፉዎች ጋር ግን ይውሉ ነበር።

"ሊቀመንበሩ ይፈልጉሻል። መርፌሽንም ያዢ ብለዋል። ያ ምንጣፍ ተበላሽቷል።"

መርፌዬንና ሹካዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ፣ ዝናቡ ያካፋል። አዳራሹን ታውቁታላችሁ፣ ረጅም አግዳሚዎች፣ ቀይ ጨርቅ ላይ የተጻፈ መፈክር፣ የሦስቱ ጺማሞች ሥዕል፣ ከሥዕሉ ጎን የእኔ ምንጣፍ። ሊቀመንበሩ ጣቱን ቀሰረብኝ።

"ምን አድርገሽበት ነው? ይሄ አሻጥር ነው። ነገ ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ፣ እንዲህ ሆኖ ሊያዩት ነው?"

አየሁት። ተራራው አብጧል፣ ከግድግዳው ተለይቶ ወደ ፊት ገፍቷል፣ ሰማዩና ማሳው ግን ልጥፍ ብለው እንደነበሩ ናቸው። 

"ሱፍ ነው፣ እርጥበት ሲያገኘው ይሰበሰባል" አልኩ።

"ምንም ይሁን። ሳታስተካክይው ከዚህ አትወጪም" ብሎኝ ሄደ፣ ጋሽ ደምሴ ፊታቸውን አዙረው በሩን ከውጭ ቆለፉብኝ። ንዴቴን እንዴት ልንገራችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ስመታ ውዬ፣ ምሳ እንኳ በቅጡ ሳልበላ፣ የሟች ሹራብ ለገዳዮቹ በዓል ላስተካክል ተቆለፈብኝ። አውርጄው ልጥፋ ብዬ መስኮቶቹን አየሁ፣ ሁሉም ፍርግርግ ብረት አለባቸው። እሺ ብዬ አግዳሚ ስቤ ወጣሁበት።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው፣ የረጠበ ሱፍ ሽታ፣ ሰው ዝናብ መትቶት ቤት ሲገባ የሚሸተው። ወለሉን ሳይ ከምንጣፉ ሥር ውኃ ተጠራቅሟል። ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ቀና አልኩ፣ ጣሪያው ደረቅ ነው፣ ጎኑ ያለውን ቀይ ጨርቅ ነካሁት፣ ደረቅ ነው፣ ሥዕሉም ደረቅ ነው፣ ውኃው ጠብ ጠብ የሚለው ከተራራው ብቻ ነው። እጄን ዘርግቼ ዳሰስኩት፣ እርጥብ ነው፣ ግን አይቀዘቅዝም። ሞቃት ነው። አሁን ከሰው ላይ የወለቀ ልብስ እንዴት ነው የሚሞቀው፣ እንደዚያ።

እጄን ሰበሰብኩ፣ ግን አልደነገጥኩም፣ ልብ በሉ፣ አሁንም አላመንኩም፣ እርጥብ ሱፍ መቼም ይሞቃል እያልኩ መርፌዬን ስፈልግ ከግድግዳው ውስጥ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማሁ። ቆም ይላል፣ ደግሞ ጠቅ ጠቅ። የሹካ ድምፅ ነው፣ የእኔ ሹካ፣ ሁለቴ ጠንከር አንዴ ለስለስ አድርጌ የምመታውን አመታት ሌላ ማን ያውቀዋል። ሹካዬን ቦርሳዬ ውስጥ ፈለግኩት፣ አለ፣ ይዤዋለሁ፣ ድምፁ ግን አልቆመም። ከግድግዳው ማዶ ዝናብና ሜዳ ብቻ ነው ያለው።

ያን ጊዜ ነው እብጠቱን በደንብ ያየሁት። ከላይ ሁለት ትከሻ አለው። ከትከሻው ወረድ ብሎ ደረት፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ጎን የወጣ፣ ከክንድ የሚወፍር ነገር አለ፣ በግራ በኩል ምንም የለም። ደረቱ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ በጣም በቀስታ ነው፣ ግን ዝቅ ሲል ውኃው ጠብ ይላል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ይማጸን ነበር። እኔ ግን ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ንዴቴ ከፍርሃቴ ቀደመ፣ ስንት ወር የዋጥኩት ንዴት፣ ለሊቀመንበሩ ያልተናገርኩት፣ ለወታደሩ ያልተናገርኩት ሁሉ በእሱ ላይ ወጣ።

"አንተ ልጅ" አልኩት፣ ድምፄ አዳራሹን ሞላው። "እዚህ ምን ትሠራለህ? እዚህ ቆመህ ነገ መፈክር ልትሰማላቸው ነው? እናትህ በር ሳትቀረቅር ነው የምታድረው፣ ለአንተ ብላ፣ ይበርደዋል እያለች። መቆም ከቻልክ መሄድም ትችላለህ። ሂድ። እናትህ ጋ ሂድ።"

ጠቅ ጠቁ ቆመ። እብጠቱም ቆመ፣ እስትንፋሱን የያዘ ሰው መሰለኝ። ከዚያ መብራቱ ጥፍት አለ፣ በጨለማው ውስጥ ሹራብ ስተረትር የምሰማውን ድምፅ ሰማሁ፣ ክር ከክር ተላቆ ሲሮጥ፣ ስርርር የሚለውን፣ ረጅም፣ ሳይቆራረጥ፣ እግሬ አጠገብ ወለል ለወለል አልፎ ወደ በሩ ሄደ። እርጥብ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነክቶኝ አለፈ፣ አሁን ስናገረው እንኳ እግሬን እሰበስባለሁ።

ጋሽ ደምሴ ቁልፉን ከፍተው ባትሪ እያበሩ ገቡ፣ "ከማን ጋር ነው የምትጮኺው?" አሉኝ። ባትሪያቸውን ምንጣፉ ላይ አበሩት። ተራራው የለም። ሰማዩ አለ፣ ማሳው አለ፣ መሀሉ ባዶ ድር ነው፣ ነጩ ድር እንደ ተወጠረ፣ አንድም ክር ሳይበጠስ፣ ሳይንሻፈፍ። እናንተ አንዱ መዞ ወስዶት ነው ትሉ ይሆናል፣ በሹካ የተደቃ ማግ በመርፌ አንድ በአንድ ካልተለቀመ አይወጣም፣ ያንን ያህል ለመልቀም እኔ ራሴ ስንት ማታ ያስፈልገኛል፣ መብራቱ ግን የጠፋው ሰው ክብሪት ፈልጎ ሻማ እስኪለኩስ ድረስ ብቻ ነው።

ጋሽ ደምሴ ባትሪውን ወደ በሩ መለሱ። "በሩ ሥር የሆነ ነገር አልፎኝ ወጥቷል" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ አማተቡና "ሂጂ ልጄ፣ እኔ እመልስለታለሁ" አሉኝ።

ሮጥኩ፣ በቀጥታ እማማ አስካለ ቤት። በሩ ገርበብ ብሏል። ኩራዝ አብርተው ተቀምጠዋል፣ ፊት ለፊታቸው በርጩማ አለ፣ በርጩማው ላይ ውኃ ነጠብጣብ፣ ከበርጩማው ሥር የተበላበት ሳህን። ለስንት ጊዜ ያላየሁትን ፊት አየሁባቸው፣ የተፈታ ፊት።

"አሁን ገና ወጣ" አሉኝ። "መንገድ ላይ አልተገናኛችሁም?"

"ማን እማማ?"

"ማን ይሆናል ታዲያ። እትዬ እልፌ ተቆጥታኝ ነው የመጣሁት አለኝ፣ እየሳቀ። በልቶልኛል። ደህና ሁኚ ብሎኝ ሄደ።"

"ሹራቡን ለብሶ ነው?"

"ለብሶ ነው። ግራ እጁ ግን እስከ ትከሻው ራቁቱን ነው። ምነው ልጄ፣ እጅጌህስ ብለው፣ እሷ ጋ ቀርቷል፣ ሌላ ጊዜ እወስደዋለሁ አለኝ።" ቀና ብለው አዩኝ። "ማን ጋ ነው የቀረው እልፌ?"

መልስ ሳይጠብቁ ተነሡ፣ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱና "ልጄ፣ ሰሎሞን ልጄ" ብለው ድምፃቸውን አውጥተው አለቀሱ፣ ከተወሰደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርተው። ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፣ ያን ማታ ይከለክለናል ብለን የጠበቅነው ማንም አልመጣም። ጋሽ ደምሴ ብቻ ጠመንጃቸውን ይዘው መጥተው ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፣ ማንንም ሊያባርሩ አልነበረም።

እኔ ቤቴ ገብቼ ቅርጫቴን ገለበጥኩ። ቀዩ ደረቅ ነው፣ ነጩ ደረቅ ነው፣ ሁሉም ደረቅ ነው፣ ከሁሉ ሥር ያለው የግራ እጅጌው ክር ግን ሲጨመቅ ውኃ ይወጣዋል። ሐዘን አሳብዷቸው ነው ብላችሁ እማማ አስካለን ተዉአቸው፣ እሺ፣ ስለ ክሩስ ማን ነገራቸው?

ሊቀመንበሩ ስለዚያ ማታ አንድ ቃል ጠይቆኝ አያውቅም፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል፣ እኔ ግን ዓይኔን ከእሱ ነቅዬ አላውቅም፣ እንዲያውቀው ነበር የምፈልገው፣ ማንን ሰቅሎ እንደነበረ። ከበዓሉ በኋላ ጋሽ ደምሴ ምንጣፉን በጋዜጣ ጠቅልለው ለእማማ አስካለ መለሱላቸው፣ እሳቸውም መሀሉ ባዶ እንደሆነ ግድግዳቸው ላይ ሰቀሉት፣ ልሙላልዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ፣ እስኪሞቱ ድረስ እንዲያው አዩት። በራቸውን ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ ይቀረቅሩ ነበር።

ይኸው አሁን ምንጣፉም ክሩም እኔ ቤት ናቸው። ክሩን መጣል አልቻልኩም፣ መሥራትም አልቻልኩም፣ ባለፈው የእህቴ ልጅ አግኝታው ለሕፃኗ ካልሲ ልሥራበት ብትል ከእጇ መንጭቄ አስደነገጥኳት። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ከውስጥ በኩል፣ መስታወቱ ተዘግቶ፣ ጳጉሜ ሲመጣ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ፣ ስይዘው ይሞቃል። ና ውሰድ ማለት አለብኝ፣ አውቃለሁ፣ እናትህ ጋ ሂድ ብዬ የጮህኩበት እኔ ነኝ፣ ብርድ እንደማይችልም አውቃለሁ። ግን ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ማታ እንኳ መስኮቱን ከፍቼ አላደርኩም።